ክሪኬት ለከተማው ምን ያስቀራል? ተመልካች ሳይሆን አዳር ይቆጠር

«የክሪኬት ውድድር ቱሪስት ይስባል፣ ለአስተናጋጁ ከተማም ገቢ ያስገኛል ይባላል። ጨዋታውን ብዙም አላውቀውም። ገንዘቡ ከየት መጥቶ ማን እጅ ይገባል? ስታዲየም መሥራትስ ያዋጣል? የኢኮኖሚ ጥቅም ጥናት ሲቀርብልኝ ቁጥሩን በምን ልመዝነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ።

በአጭሩ፣ አዎ ያስገኛል። ገቢውን የሚያመጣው ግን ስታዲየሙ ወይም የተሸጠው ትኬት ሳይሆን ከሌላ ቦታ መጥቶ ከተማው ውስጥ የሚያድር እንግዳ ነው። ስንት ሰው ስታዲየም ገባ የሚለው ቁጥር ለጋዜጣ ርዕስ ያምራል፤ ለሂሳብ ግን ብዙም አይረዳም። መታወቅ ያለበት ጨዋታው ባይኖር ኖሮ የማይመጣ ሰው ስንት ሌሊት እንዳደረ፣ ካወጣው ገንዘብ ውስጥም ስንቱ እዚያው እንደቀረ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ብዙም ስለማያውቁት ከርዝመቱ እንጀምር፤ የክሪኬት ቱሪዝም ከእግር ኳሱ የሚለየው እዚህ ላይ ነውና። ቴስት የሚባለው ጨዋታ እስከ አምስት ቀን ይቆያል። በቀን 90 ኦቨር ይታቀድለታል፤ አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው። ከምሳና ከሻይ ዕረፍቱ ጋር ቀኑን ሙሉ ይይዛል። በአንድ ቀን ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር ይመታል፣ እሱም ቢሆን ቀን ይፈጃል። ቲ20 ደግሞ ለየቡድኑ 20 ኦቨር ብቻ ስለሆነ በሦስት ወይም በአራት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ለቲ20 የሚመጣው ሰው በአብዛኛው የዚያው አካባቢ ነዋሪ ነው፤ ማታ ገብቶ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቴስት ለማየት ከአገር የወጣ ሰው ግን ቢያንስ አምስትና ስድስት ሌሊት ያድራል። ሦስት ወይም አምስት ቴስት ባለው ተከታታይ ውድድር ከሆነ ደግሞ ከከተማ ወደ ከተማ እየተከተለ፣ በጨዋታዎቹ መካከል ባሉት ቀናት አገሩን እየጎበኘ ሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን «ቲ20 ስታዲየም ስለሚሞላ ለቱሪዝም ይሻላል» ቢልዎት አይመኑት። ለትኬትና ለቴሌቪዥን ይሻላል። ለአልጋ ግን ባዶ ወንበር የሚበዛበት ቴስት ሊበልጥ ይችላል።

ቴስት አምስት ቀን ታቅዶ በሦስት ቀን ሊያልቅ እንደሚችልም ይወቁ። ያን ጊዜ ሆቴሉ ብዙም አይጎዳም፤ አልጋው አስቀድሞ ተከፍሎበታል፣ እንግዳው ባገኘው ትርፍ ቀን ወደ ባሕር ዳርቻ ወይም ወደ ጉብኝት ይወጣል። የሚጎዳው ለአራተኛውና ለአምስተኛው ቀን ምግብና መጠጥ ያዘጋጀው የስታዲየም ውስጥ ነጋዴ ነው። የቦታ ኪራይ ውል ሲጻፍ ክፍያው በተጫወቱበት ቀን ልክ እንዲሆን መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

የሚጓዘው ማን ነው? ብዙ ጊዜ አገሩን ለቆ ቡድኑን የሚከተለው የእንግሊዝ ደጋፊ ነው። በ1994 እና 1995 የአውስትራሊያ ጉዞ ወቅት ስሙን ያገኘው ባርሚ አርሚ የተባለው የደጋፊዎች ስብስብ ዛሬ ራሱ የጉዞ ጥቅል ይሸጣል። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ የእንግሊዝ ቡድን ወደ ውጭ የሚሄደው አገሩ ክረምትና ብርድ ሲሆን ነው፤ ደጋፊው ክሪኬቱንም ፀሐዩንም በአንድ ትኬት ያገኛል። የህንድ ቡድን ጉብኝት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሁለት አገሮች በሚያደርጉት ውድድር የቴሌቪዥን መብቱ የአስተናጋጁ አገር የክሪኬት ቦርድ ስለሆነ፣ ህንድ መጣች ማለት ቦርዱ የዓመት ቀለቡን አገኘ ማለት ነው። ያ ገንዘብ ግን ወደ ቦርዱ ሂሳብ እንጂ ወደ ከተማው ገበያ አይገባም። ህንድ ስትመጣ የሚደሰተው የቦርዱ ገንዘብ ያዥ፣ እንግሊዝ ስትመጣ የሚደሰተው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት፣ አይሲሲ፣ በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች ደግሞ የቴሌቪዥኑና የዋና ስፖንሰሮቹ መብት የአይሲሲ ነው።

ገንዘቡ መሬት ላይ እንዴት እንደሚበተን ለማየት የስሪ ላንካዋን ጋል ይመልከቱ። ስታዲየሙ በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው አሮጌ ምሽግ ሥር ነው። በ2004ቱ ሱናሚ ወድሞ በዲሴምበር 2007 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ቴስት ተከፈተ። የምሽጉ ግንብ ሜዳውን ከላይ ስለሚያይ ብዙ ሰው ትኬት ሳይገዛ እዚያ ተቀምጦ ይመለከታል። በቦርዱ መዝገብ እነዚህ ሰዎች ዜሮ ናቸው። ነገር ግን ከውጭ የመጡት በምሽጉ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ማረፊያዎች ያድራሉ፣ እዚያው ይበላሉ፣ በባለ ሦስት እግር ባጃጅ ይመላለሳሉ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ዓሣ ነባሪ ለማየት ወደ ሚሪሳ ይወርዳሉ። ማረፊያዎቹ የአካባቢው ቤተሰቦች ሲሆኑ ደግሞ ገንዘቡ ከከተማው ቶሎ አይወጣም። ትኬት ብቻ የሚቆጥር ጥናት ይህን ሁሉ ይዘለዋል፤ በተቃራኒው ትኬት የገዛውን የጋል ነዋሪ እንደ አዲስ ገቢ ይቆጥራል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው። በአምስት ቀን ቴስት 40,000 ትኬት ተሸጠ እንበል። ጥናቱ «40,000 ተመልካች እያንዳንዱ 100 ዶላር አወጣ፣ ስለዚህ 4 ሚሊዮን ዶላር ገባ» ይላል። የመጀመሪያው ስሕተት ትኬትን ሰው ማድረጉ ነው፤ አንዱ ሰው በአራት ቀን አራት ጊዜ ገብቷል። በር ላይ በተደረገ ጥያቄ ከገቡት ውስጥ 30 በመቶው ከውጭ የመጡ ቢሆኑ 12,000 መግቢያ ነው፤ በአማካይ አራት ቀን ከገቡ 3,000 ሰው ይሆናል። ከነዚህ ሩቡ ያለ ክሪኬቱም ሊመጣ የነበረ ወይም ዕረፍቱን ወደ ጨዋታው ሳምንት ያዛወረ ነው፤ እሱን ሲቀንሱ 2,250 ይቀራል። ሰባት ሌሊት ካደሩ 15,750 አዳር ነው። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ካሉ ሆቴሎቹ የሸጡት 7,875 የክፍል ሌሊት ብቻ ነው። በቀን 100 ዶላር ቢያወጡ 1,575,000 ዶላር ይሆናል። ከዚያ ውስጥ 40 በመቶው ለውጭ ሆቴል ባለቤት፣ ከውጭ ለመጣ መጠጥና ምግብ፣ ለአስጎብኚ ድርጅት ኮሚሽን ከወጣ ከተማው ላይ የቀረው 945,000 ዶላር ነው። ከአራት ሚሊዮኑ ሩብ እንኳ አልሞላም። የፖሊስ ትርፍ ሰዓት፣ የጽዳትና የመንገድ መዝጋት ወጪ ገና አልተቀነሰም።

የአገሩ ሰው ለምን ከሂሳቡ እንደሚወጣ ብዙ ጊዜ ያከራክራል። በስታዲየሙ ያወጣውን ገንዘብ ያ ጨዋታ ባይኖር በከተማው ሌላ ቦታ ያወጣው ነበር፤ ስለዚህ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጨመረም። ብቸኛው ሁነኛ ተቃውሞ ጨዋታው እዚህ ባይሆን ሌላ ከተማ ሄዶ የሚያይ ነዋሪ መኖሩ ነው። እሱን መቁጠር ይቻላል፣ ግን በግምት ሳይሆን ተጠይቆ መሆን አለበት። ጥናቱ የመጨረሻውን ድምር በማባዣ (አንድ ዶላር በከተማው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ስንት ይሆናል በሚል በተገመተ ቁጥር) የሚያሳድግ ከሆነ ደግሞ ማባዣው ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ብዙ ነገር ከውጭ በሚያስገባ ትንሽ ደሴት ወይም ከተማ ከ2 በላይ የሆነ ማባዣ ጥርጣሬ የሚገባው ነው።

ትልልቅ ቁጥሮችም በዚሁ ዓይን ይታዩ። በ2023 በህንድ አሥር ከተሞች የተካሄደው የዓለም ዋንጫ በአይሲሲ ሪፖርት መሠረት 1.39 ቢሊዮን ዶላር የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ ፈጥሯል፤ ከዚህም 861.4 ሚሊዮኑ ከማደሪያ፣ ከመጓጓዣ፣ ከምግብና ከመጠጥ የመጣ ነው። ተመልካቹ 1.25 ሚሊዮን ነበር። ከ48,000 በላይ ሥራ ተፈጠረም ይላል፤ ነገር ግን የሙሉና የትርፍ ጊዜ ሥራ አንድ ላይ ተደምሮ ነው። በስድስት ሳምንት ውድድር የተቀጠረ በር ጠባቂና ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የሆቴል ሠራተኛ እኩል አይቆጠሩም። ቁጥሩ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ የእንቅስቃሴ መጠን እንጂ የተጣራ ትርፍ አይደለም። ከህንድ ኢኮኖሚ አንጻር ደግሞ ከ0.1 በመቶ በታች ነው። እንደ ዳራምሻላ ላለች ትንሽ የተራራ ከተማ ግን አንድ ጨዋታ ማረፊያዎቿን ሊሞላ ይችላል። ጥቅሙ የሚታየው በአገር ሳይሆን በወረዳ ደረጃ ሲለካ ነው።

በዚያው ውድድር የተበላሸውም ነገር ያስተምራል። የጨዋታ ሰሌዳው የወጣው ውድድሩ ሊጀመር መቶ ቀን ሲቀረው ነው፤ ኋላም በኦገስት ዘጠኝ ጨዋታዎች ቀን ወይም ሰዓት ተቀየረባቸው። ህንድና ፓኪስታን አህመዳባድ ላይ ኦክቶበር 15 ሊገናኙ ተብሎ፣ በዓል ስለገጠመ ወደ 14 ተዛወረ። ቀደም ብሎ አውሮፕላንና ሆቴል የያዘ ሰው ተጎዳ። የክፍል ዋጋ ሰማይ ነክቶ ሰዎች ምርመራ እያሉ በሆስፒታል አልጋ ለማደር እንደጠየቁ ጋዜጦች በሰፊው ጽፈዋል። የፓኪስታን ደጋፊዎች ቪዛም ሳይሳካ ቀረ። ለማነጻጸር ያህል የ2015 እና የ2019 የዓለም ዋንጫዎች ሰሌዳ የወጣው ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ፈቃድ፣ ቪዛና ረጅም በረራ ማመቻቸት አለበት፤ መቶ ቀን አይበቃውም። እንዲህ ሲሆን ስታዲየም የሚገኘው በአብዛኛው የአገር ውስጥ ተመልካች ነው፤ እሱ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ለሂሳቡ ትንሽ ይጨምራል።

ሁለተኛው አደጋ ማን እንደሚጫወት አለማወቅ ነው። በ2007 የካሪቢያን ደሴቶች የዓለም ዋንጫን ሲያዘጋጁ ስታዲየም ገነቡ፣ ለእንግዶች የጋራ ቪዛ አወጡ። ኤፕሪል 15 ብሪጅታውን ላይ ህንድና ፓኪስታን ይገናኛሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ሁለቱም ከመጀመሪያው ዙር ወደቁ፤ ፓኪስታን በአየርላንድ፣ ህንድ በባንግላዴሽ መሸነፋቸው ወሳኝ ሆነ። ያን ቀን በባርባዶስ የተጫወቱት አየርላንድና ባንግላዴሽ ናቸው። ለህንድ ደጋፊ የተያዘው አልጋ ተሰረዘ። በዚያ ላይ ትኬቱ ለአካባቢው ሰው ውድ ነበር፤ ምግብና የሙዚቃ መሣሪያ ይዞ መግባትም ተገድቦ ስለነበር የካሪቢያን ክሪኬት ዋና መስህብ የነበረው ጭፈራ ቀዘቀዘ። ወሩም ራሱ ችግር ነበር፦ ማርችና ኤፕሪል የደሴቶቹ ዋና የቱሪስት ወቅት ስለሆነ የክሪኬት እንግዳ የመጣው ሌላው እንግዳ በሚይዘው አልጋ ላይ ነው። ጨዋታ ለማስተናገድ የሚጠቅመው ሆቴሉ በልማዱ ባዶ የሚሆንበት ወር ነው። አይሲሲ ከዚያ ወዲህ የተማረ ይመስላል፤ በ2019 አሥሩም ቡድኖች እርስ በርሳቸው ስለተጫወቱ እያንዳንዱ ቢያንስ ዘጠኝ ጨዋታ ነበረው።

የፖለቲካው አደጋ ከዚህም ይከፋል። ፓኪስታን በ2009 ላሆር ላይ የስሪ ላንካ ቡድን ከተጠቃ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል «የሜዳዋን» ጨዋታ በአብዛኛው በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች አደረገች። ቴስት የተመለሰላት በዲሴምበር 2019 ነው። በ2025 የቻምፒዮንስ ዋንጫን ስታዘጋጅ ላሆር፣ ካራቺና ራዋልፒንዲ ስታዲየሞቿን አደሰች፤ ህንድ ግን ጨዋታዎቿን ሁሉ ዱባይ አደረገች። ከህንድ ጋር የተደረገው ታላቁ ጨዋታም ፍጻሜውም ዱባይ ሆነ። የማዘጋጀት ወጪው እዚህ፣ በጣም ተፈላጊው አዳር ግን ሌላ አገር ማለት ነው። ውል ሲፈረም የትኞቹ ጨዋታዎች በእርግጠኝነት የእርስዎ እንደሆኑ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ የጥናቱ ቁጥር ሁሉ አየር ላይ ነው።

ስታዲየምስ? ለክሪኬት ብቻ አዲስ ትልቅ ስታዲየም መሥራት ለአብዛኛው ከተማ አያዋጣም ባይ ነኝ። የአንቲጓውን ሰር ቪቪያን ሪቻርድስ ስታዲየም ይውሰዱ። ለ2007ቱ ውድድር ከዋና ከተማዋ ሴንት ጆንስ ውጭ ተሠራ። በፌብሩዋሪ 2009 እንግሊዝ ለቴስት ስትመጣ ሜዳው በአሸዋ ተሞልቶ ወርዋሪዎቹ እግራቸው እየሰመጠ መንደርደር አቃታቸው፤ ከ10 ውርወራ በኋላ ጨዋታው ተቋረጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ የእንግሊዝ ደጋፊዎች ደሴቷ ላይ ነበሩ። ያዳናቸው በከተማው መሃል ያለው አሮጌው ሜዳ ነው፤ በሁለት ቀን ተሰናድቶ ሌላ ቴስት ተጀመረበት። የከተማው ነጋዴ ተጠቀመ፤ ከከተማ ውጭ የቆመው አዲሱ ስታዲየም ደግሞ ኪሳራ ሆኖ ዋለ። በስሪ ላንካም ለ2011 የዓለም ዋንጫ ሃምባንቶታ አጠገብ 35,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተሠርቶ ቦርዱ ዕዳ ውስጥ ገብቷል።

ሌላው መንገድ ጊዜያዊ ስታዲየም ነው። በ2024ቱ የቲ20 ዓለም ዋንጫ ኒው ዮርክ አጠገብ ናሳው ላይ 34,000 ወንበር ያለው ተገጥሞ ስምንት ጨዋታ ከተደረገበት በኋላ ፈረሰ። የጥገና ዕዳ አልተወም። ነገር ግን ሜዳው መሃል ያለው ጠንካራ መጫወቻ፣ ፒች የሚባለው፣ ፍሎሪዳ ላይ በትሪ ውስጥ አድጎ በመኪና ተጓጉዞ ስለተተከለ ለመርጋት ጊዜ አላገኘም፤ ኳሱ አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ እያለ ብዙ ነጥብ የማይቆጠርበት ጨዋታ ሆነ፣ አይሲሲም ፒቹ የሚፈለገውን ያህል ወጥ እንዳልነበር አመነ።

ዝናብ ደግሞ ለብቻው ይታይ። በዚያው ውድድር ፍሎሪዳ ሎደርሂል ላይ ከተመደቡት አራት ጨዋታዎች ሦስቱ ተሰረዙ። ህንድና ካናዳ የተሰረዘባቸው በጨዋታው ሰዓት እየዘነበ ሳይሆን ሳሩ ርሶ ስላልደረቀ ነው፤ ሙሉውን ሜዳ የሚሸፍን ሸራ አልነበረም። በስሪ ላንካ በተቃራኒው ሜዳው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሸፈናል፤ ለዚህ በጣም ብዙ የሜዳ ሠራተኛ ይሰለፋል። በ2023ቱ የእስያ ዋንጫ መጨረሻ ለኮሎምቦና ለካንዲ የሜዳ ሠራተኞች 50,000 ዶላር ሽልማት የተሰጠው ለዚህ ነበር። ለአስተናጋጅ ከተማ ሸራና የውሃ መውረጃ ከተጨማሪ አምስት ሺህ ወንበር ይበልጣሉ።

ትንሽ ከተማ ከሆነ ከዓለም ዋንጫ ይልቅ የአማተርና የታዳጊዎች ውድድርን ያስብ። 16 ቡድን፣ እያንዳንዱ 14 ተጫዋችና 2 አሠልጣኝ ይዞ ቢመጣ 256 ሰው ነው፤ አምስት ሌሊት ሲያድሩ 1,280 አዳር፤ ሁሉም ከውጭ የመጡ ናቸው፣ ታዳጊዎች ከሆኑ ወላጅም ይከተላል። ሁሉም ቡድን በየቀኑ አንድ ቲ20 ከተጫወተ በቀን ስምንት ጨዋታ ይኖራል። አንድ ሜዳ በቀን ብርሃን ያለ ችግር የሚችለው ሁለት ስለሆነ አራት ሜዳ ያስፈልጋል። የፒቹ ርዝመት በሁለቱ ጫፍ ከተተከሉት፣ ዊኬት ከሚባሉት እንጨቶች ከአንዱ እስከ ሌላው 20.12 ሜትር ነው፤ ለዚህ ደረጃ በሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ሰው ሠራሽ ንጣፍ ይበቃል። የሳር ፒች ከተፈለገ አንዱ ሲጫወቱበት ሌላው እንዲያርፍ ጎን ለጎን ብዙ ማዘጋጀት፣ ከባድ ሮለርና ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው የሜዳ ባለሙያ መቅጠር ግድ ነው። በጀት ላይ ሁልጊዜ የሚረሳው ይህ ደመወዝ ነው።

ጨዋታ ሳይመጣም ከክሪኬት የሚኖሩ ቦታዎች መኖራቸውን ልጨምር። የህንዶቹ ሚሩትና ጃላንዳር፣ የፓኪስታኗ ሲያልኮት የስፖርት ዕቃ ከተሞች ናቸው። በካሽሚር አናንትናግ ወረዳ፣ ሳንጋም አካባቢ በአውራ ጎዳናው ዳር መምቻ የሚሠራበት የዊሎው ዛፍ ፍላጭ እንደ ግንብ ተደርድሮ አየር ላይ ሲደርቅ ይታያል፤ ከአጠገቡ ያሉት ሱቆች ለአላፊ ቱሪስት የክሪኬት መምቻ ይሸጣሉ። የካሽሚር ዊሎው ከእንግሊዙ ይከብዳል፣ በዋጋም ይረክሳል፣ ስለዚህ ገበያው በዋናነት ተራው ተጫዋች ነው። ይህ ገቢ የጨዋታ ሰሌዳ አይጠብቅም።

ጥናት ሲቀርብልዎ እንግዲህ የመጠይቁን ጥሬ መረጃ ይጠይቁ፦ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ በየትኛው ቀንና በየትኛው በር፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ቀን ስታዲየም እንደገባ፣ ስንት ሌሊት የት እንዳደረ፣ ክሪኬቱ ባይኖር ይመጣ እንደነበር። ከዚያ የሆቴሎቹን የዚያ ወር አዳር ካለፉት ሦስት ዓመታት ተመሳሳይ ወር ጋር ያስተያዩ። ጥናቱ ብዙ ሺህ አዲስ እንግዳ መጣ እያለ የሆቴሎቹ መዝገብ ከወትሮው ካልተለየ፣ የሆቴሎቹን መዝገብ ይመኑ።